የፈረሰው ጦር ሻለቃ

ጦሩ ፈርሶ ማዕረጉ ብቻ የተረፈው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ስዊድን፣ ቮርቢ ጎርድ በሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ወጥተዋል፣ ከሻለቃነት ግን ገና ናቸው። ድሮ የባለቤቴ አዛዥ ነበሩ። ከቀድሞ ወታደሮች አንዱ ሲሞት ሬሳ ተሸካሚዎቹን የሚያሰልፉትም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ወር ባለቤቴን ስንቀብር ልጄ የስዊድን ጦር የደንብ ልብሱን ለብሶ መጣ። ወንድ እንደሚወድ ለአለቆቹ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል፤ ሰምተው ጠመንጃውን ሰጡት። ወሬው ለሻለቃውም ደርሷል። የሳቸው ጦር ደግሞ፣ ባይኖርም፣ እንዲህ ላላ ያለ አይደለም።

ልጄ ሳጥኑን ሊይዝ ሲጠጋ እጃቸውን ዘርግተው አገዱት።

«አንተ ከሰልፉ ውጣ!»

«አባቴ እኮ ነው» አለ።

«እንዳንተ ያለው ወታደር አይባልም። በእኔ ጦር ቢሆን ኖሮ...»

«የትኛው ጦር፣ ሻለቃ?» አልኳቸው።

«አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ እህቴ፣ አልቅሺ» አሉኝ።

ሳጥኑን ሽማግሌዎቹ የቀድሞ ወታደሮች አነሡት። አንዱ ወገቡን ያመዋል፣ ሌላው ከዘራውን ለሚስቱ አስይዞ ነው የገባው፤ ለውትድርና ግን ብቁ ናቸው። ባለቤቴን በየዛፉ ሥር እያሳረፉ፣ እያለከለኩ ወሰዱት።

ትከሻው እንደ በር የሰፋው ልጄ ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተከተለ። አማርኛው አልመጣ ሲለው በስዊድንኛ ጆሮዬ ላይ፣ «ማማ፣ ፓፓ ይከብዳል?» አለኝ።

ተሸክሞ ማወቅ ለነበረበት ልጅ ምን ብዬ ልመልስለት?