ረስ ፔንጌሊ በስባሪ ማንቆርቆሪያ ሸለቆ የዘመቱበት እሑድ

ረስ ፔንጌሊ ከቧንቧ ሥራ ጡረታ በወጡ በሰባተኛው ዓመት፣ ሦስተኛው የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያቸው በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ የባለቤታቸው የኖሪን ትዕግሥት ባለቀ በአራተኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ ዝንብ ከሰው ቀድሞ በሚነሣበት በየካቲት ሙቀት፣ ኀሣሤ ወርቅ ወረካቤ ቆርኪ፣ ባርኔጣቸው ሰፊ፣ ተስፋቸው ከባርኔጣቸው የሰፋ፣ በቪክቶሪያ ምድር ስባሪ ማንቆርቆሪያ በተባለው ሸለቆ ላይ ዘመቱ። ይህን የምጽፈው እኔ የወርቅ ፈላጊዎች ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። በዓመቱ የማኅበር እራት ላይ የሚነበብ ታሪክ ጻፍልኝ ብለው ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲያዙኝ ግን መጨረሻውን አያውቁም ነበር፣ እኔም አላውቅም። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን፣ ሳንድዊች ላይ አቀርቅሬ ያመለጠኝን ማለቴ ነው፣ ኖሪንን ጠይቄ ሞልቻለሁ።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። በዚያ ሸለቆ፣ በእንግሊዟ ንግሥት ዘመን፣ ከአራቱ ማዕዘን የጎረፈ ሕዝብ ምድሩን እንደ ፍልፈል ቆፍሮ፣ ወርቁን ለቅሞ፣ ጉድጓዱንና ቆርቆሮውን ለኛ ትቶ ሄዷል። ረስም ሁሉንማ አልወሰዱትም በሚል ሃይማኖት ሰባት ዓመት ቆፈሩ። በሰባቱ ዓመት የማረኩት ምርኮ ይህ ነው፦ አራት መቶ የጥይት እርሳስ፣ በጣሳ ሙሉ የፈረስ ጫማ ሚስማር፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የሟች ሱሪ ዘለበት፣ ቆርኪውን የፈጠረው ይቁጠረው፣ ደግሞም መሐሏ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት አንዲት የቻይና ናስ ሳንቲም። ሳንቲሟን ለኖሪን ሰጧት፤ እሷም በመኪና ቁልፏ ላይ አንጠልጥላ እስከ ዛሬ ይዛታለች። ወርቅ ግን የምስር ፍሬ የምታህል እንኳ አልወጣችም።

በነዚህ ሰባት ዓመታት ለኖሪን አንድ እሑድ እንኳ አልተረፈላትም። እህቷ ባሕሩ ዳርቻ ቤት አላት፤ ነይ እንጂ፣ ነይ እንጂ እያለች ትጠራታለች፤ እሷ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣ ዝንብ እሽ ስትል ትውላለች። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት፣ ድንች እየላጠች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ አዋጅ አወጀች።

«ስማኝ ረስ። እሑድ የመጨረሻህ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወርቅ ካሳየኸኝ ዕድሜ ልክህን ቆፍር፣ አፌን አልከፍትም። ካላሳየኸኝ መሣሪያውን ዳድሊ ይውሰደው፤ ሽጥልኝ እያለ ሲለምንህ ከርሟል። እኔ የቀረኝን እሑድ ባሕር እያየሁ ነው የምጨርሰው።»

ረስ ያን መሣሪያ ከልጆቻቸው እኩል ይወዱታል፤ ሐሜት አይደለም፣ ልጆቻቸውም ያውቁታል። ያን ምሽት እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ዳድሊ የተባለው ጎረቤታቸውና ባላንጣቸው ነው፤ አዋጁም በአጥሩ በኩል ጆሮው ገብቷል። አርብ ዕለት የረስ አሮጌ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ እንደ አዞ አፍ ቢከፈት፣ ይኸው ዳድሊ አጥር ተሻግሮ መጣና፣ ወንድሜ በዚህማ አትዘምትም ብሎ የራሱን የቆዳ ጫማ አዋሳቸው። ረስም ደግነቱን አመሰገኑ። እኔ ዳድሊን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ደግ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወእምዝ ሠራዊቱ ወጣ። ከፊት ረስ፣ መሣሪያው በትከሻቸው፣ ዶማው በወገባቸው፤ ቀጥሎ ቢስኪት የተባለው ውሻ፣ በሁለት ዓይኑ የማያይ፣ በአፍንጫው የሚኮራ፤ ቀጥሎ ኖሪን፣ አካፋ፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ የሻይ ቴርሞስና የበሬ ሥጋ ሳንድዊች ተሸክማ፤ ከኋላ እኔ፣ ደብተሬን ይዤ እያነከስኩ፤ ከሁላችን በላይ ደግሞ የዝንብ ጭፍራ፣ ማንም ሳይጠራው የዘመተ፣ ማንም ሳያሰናብተው የማይመለስ።

እዚህ ላይ የብረትን ሕግ ልናገር። መሣሪያው ብረት ነው ወርቅ ነው ብሎ አይመርጥም፤ ሲቀርበው ይጮኻል። ስለዚህ ረስ በማኅበራችን ስብሰባ ቆመው፣ በገላው ብረት ያለበት ሁሉ ከቆፋሪው አርባ እርምጃ ይራቅ ብለው ደንግገዋል። አርባ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በዚህ ሕግ መሠረት እኔ በኦፕሬሽን ጉልበቴ ውስጥ የገባ ብረት ስላለኝ ርቄ እቀመጣለሁ፤ ኖሪንም በጸጉሯ ሽቦ፣ በጡት መያዣዋም ሽቦ ስላለ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ርቃ ተቀምጣለች። መሣሪያውን አንድ ቀን እንኳ ይዛው አታውቅም።

ረፋድ ላይ፣ ረስ መሣሪያውን ከፊታቸው አርቀው ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙት፣ ከአንዲት ቁጥቋጦ ሥር ስልል ያለች ድምፅ ወጣች። ቆፈሩ። ጥቂት አካፋ አፈር አውጥተው ጉድጓዷ ውስጥ ቆመው ቢሞክሩት፣ ያች ስልል ያለች ድምፅ ጩኸት ሆነች። በዚህ ጊዜ ዐዋቂ ቆፋሪ ያወጣውን አፈር መልሶ ይፈትሻል፤ ረስም ይህን ለጀማሪ ሁሉ ያስተምራሉ። ግን ጉድጓድ እየጮኸ ለአፈር ክምር ጆሮ የሚሰጥ ማን ነው? ወደ ታች ቀጠሉ።

በገቡ ቁጥር ድምፁ ባሰ። ጉልበታቸው ድረስ ሲደርሱ ጥርጣሬ ያዛቸውና በሠራዊቱ መካከል ከዳተኛ አለ አሉ። መጀመሪያ ቢስኪት፣ አንገቱ ላይ ዘለበት አለና፣ ወደ ስልሳ እርምጃ ተጋዘ። ድምፁ አልቀነሰም። ቀጥሎ ያንተ ጉልበት ነው ተብዬ ወንበሬን ተሸክሜ ሰማንያ እርምጃ ተሰደድኩ፤ ስንት ዓመት ያገለገልኩ ሰው እንዲህ መባሌ ዛሬም ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ኖሪን መቶ እርምጃ እንድትርቅ ታዘዘች። እንኳን መቶ፣ ባሕሩ ድረስ ብትሰደኝ ደስ ይለኛል ብላ ጋዜጣዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ሄደች።

ከዳተኛ ከጠፋ እንግዲህ ወርቁ ጥልቅ ነው ማለት ነው። ረስም ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ ወገባቸው ድረስ ሰመጡ። ከሰዓት በኋላ ዳድሊ በፒካፑ መጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ረስን አየ፣ ከዚያ የረስን እግር አየ፣ እግራቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየው።

«ጥልቅ ነው ወንድሜ፣ እንዳትተወው» አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መሣሪያውን የሚጠቀልልበት ብርድ ልብስ ይዞ እንደሚመለስም ለኖሪን ነግሯት ሄደ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ኖሪን የመቶ እርምጃውን ትእዛዝ ጥሳ ሻይ ይዛ መጣች፤ እኔም ከኋላዋ እያነከስኩ ተከተልኩ። ረስ መሣሪያውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድመው፣ እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ አንጠልጥለው ተቀምጠው ነበር። እግራቸውን ሲያወዛውዙ መሣሪያው ይጮኻል፤ ሲያቆሙ ዝም ይላል። ኖሪን ሻዩን እንደያዘች ቆማ አየች። ደግማ አየች።

«ረስ፣ ጫማህን አውልቅ።»

አወለቁ። ተቀብላ ወደ መሣሪያው አስጠጋችው፤ ጮኸ። አራቀችው፤ ዝም አለ። ከቆዳው ሥር፣ የጫማው አፍንጫ ላይ፣ ዕቃ ሲወድቅ የሠራተኛ እግር እንዳይጨፈለቅ የሚደረገው ብረት ነበረበት። ረስ በባዶ እግራቸው ወርደው ጉድጓዱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹት። ከድካማቸው በቀር ምንም አልነበረበትም።

ከዚያ ወጥተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል። ውሻ ያሳደዱ፣ ጸሐፊ ያጋዙ፣ ሚስት ያባረሩ ሰው ናቸው፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን በሉት። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ዳድሊ ሲመጣ አንቺ ስጪው። እኔ አልችልም።»

በኛ አገር ጉድጓዱን ሳይደፍን የሚሄድ ቆፋሪ ሰው አይባልም፤ ካንጋሩ እግሩን ይሰብርበታል፣ የማኅበሩም ስም ይጠፋል። የረስ ጀርባ ሲቆፍሩ አያማቸውም፣ ሲደፍኑ ግን ያማቸዋል፤ ስለዚህ የሰባቱን ዓመት ጉድጓድ ሁሉ የደፈነች ኖሪን ናት። ዛሬም ልማዷ ነውና አካፋዋን አነሣች። ክምሩ ላይ ልትሰካው ስትል ቆም አለች።

«ይህ አፈር ታይቷል?»

ረስ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉት። ኖሪን አካፋውን ጣለች። የጸጉሯን ሽቦ ነቀለች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ጀርባ ዞር ብላ ጥቂት ቆየች፤ ስትመለስ የጡት መያዣዋን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላው መጣች። እኔ ዓይኔን ወደ ደብተሬ መለስኩ። ሌሎች ጀግኖች ለጦርነት ሲሄዱ ጥሩር ይለብሳሉ፤ እሷ አውልቃ ዘመተች። መሣሪያውን ከመሬት አንሥታ፣ አያያዙን ሰባት ዓመት ከሩቅ ስታይ ኖራለችና ማንንም ሳትጠይቅ፣ ክምሩ ላይ ቀስ ብላ አሳለፈችው።

ከታች፣ ጠዋት መጀመሪያ ከወጣው አፈር፣ ያች ስልል ያለች ድምፅ መጣች። ኖሪን ተንበርክካ አፈሩን እፍኝ በእፍኝ እያነሣች፣ ወደ መሣሪያው እያስጠጋች፣ ዝም ያለውን እየጣለች፣ የሚጮኸውን እየከፈለች ሄደች። በመጨረሻ መዳፏ ላይ ከባቄላ ፍሬ የምትበልጥ፣ ጎርበጥባጣ፣ ቢጫ ነገር ቀረች። ወርቅ ነበረች። ረስ ረፋዱ ላይ በሦስተኛው አካፋ አውጥተው የጣሏት።

ከዚህ ቦታ ጀምሮ አንቱታው ወደሚገባው ሰው ዞሯል፤ ቅር ያለው በራሱ ብዕር ይጻፍ። በማኅበራችን ሕግ የወርቅ ባለቤት ከአፈር ያነሣው እጅ ነው፤ ይህንንም ሕግ ያጸደቀው ረስ ነው። ረስ ወርቁን አየ፣ ኖሪንን አየ፣ አለቀሰ፤ ለወርቁ ይሁን ለመሣሪያው አልጠየቅኩትም።

ዳድሊም ብርድ ልብሱን በትከሻው ጣል አድርጎ ደረሰ። ኖሪን በባዶ እግራቸው፣ መሣሪያውን ይዘው ቆመው ጠበቁት። ወርቁን አሳዩት፤ ከዚያ ጫማውን አንሥተው ደረቱ ላይ አስታቀፉት።

«ዳድሊ፣ ጫማህን ይዘህ ሂድ።»

ለመሣሪያው ባመጣው ብርድ ልብስ ጫማውን ጠቅልሎ ሄደ። ፒካፑ አቧራ ውስጥ ሲሰወር ኖሪን የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ።

«መሣሪያው አይሸጥም፣ የኔ ነው። አንድ እሑድ እዚህ፣ አንድ እሑድ ባሕሩ ዳርቻ፤ አሸዋ ውስጥም ቀለበት ይወድቃል። አንተም ትመጣለህ ረስ። አካፋውን ያዝ።»

እነሆ ያን ጉድጓድ ረስ ደፈነው፤ ጀርባዬን ሲልም የሰማው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ፣ ሱሪው ዚፕ አለውና፣ ከኔና ከቢስኪት ጋር አርባ እርምጃ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይቀዳል። ይህን ጽሑፍ ከእራቱ በፊት ባሳየው ተቆጣ፣ ሳቀ፣ አንድ ነገር ብቻ ጨምርልኝ አለ፦ የወርቋን ድምፅ መጀመሪያ የሰማኋት እኔ ነኝ። እውነት ነው፣ ሰምቷታል።

እንግዲህ ክብር ለረካቢተ ወርቅ ኖሪን፣ ያለ ሽቦ ለዘመቱ፣ ያለ ጫማ ድል ለነሡ፣ የሰባት ዓመት ጉድጓድ ለደፈኑና የዚያን እሑዱን ላስደፈኑ፤ በቁልፋቸው ላይ ብቻዋን የኖረችው የቻይና ሳንቲም ዛሬ ጎኗ ወርቅ ተንጠልጥሏል። ክብር ለደፋኔ ጉድጓድ ረስ፣ ያችን ሳንቲም ለሰጣቸው፤ ጀርባውንም ይማርለት።