መንገድ ያመጣች ሻንጣ

በቫልፓራይሶ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሻንጣ እየጎተተ ሰፈሩን ያልዞረ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም ይባላል። ኖልቤርቶ ሠላሳ አንድ ዓመት ዞሯል፤ ንቅንቅ ግን አላለም። ሥራው የኮረብታውን ሊፍት ማውጣትና ማውረድ ነው። ከላይ ሆኖ ወደቡን ቁልቁል ሲያይ ስለሚውል መርከብ ሳይሳፈር የመርከብ ሊቅ ሆኗል። ሴጉንዶ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሰፈሩ «ነገር ቶሎ አይገባውም» ይለዋል፤ ይህን ያስወራው ራሱ ኖልቤርቶ ነው። የሴጉንዶን ልጅ ያስናን ክርስትና ያነሳው ኖልቤርቶ ስለሆነ ሁለቱ አበልጆች ናቸው። ያስና አግብታ ወደ ብርዳማው ደቡብ ጫፍ፣ ወደ ፑንታ አሬናስ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። አሁን ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ የመጪው ሳምንት እሑድ ይጠመቃል። እንደ እግዜር ሥራ ሆኖ፣ ሴጉንዶ በቤተክርስቲያኑ ቶምቦላ ወደዚያው የሚሄድ የሽርሽር መርከብ ቲኬት ለሁለት ሰው ደረሰው።

[ረፋድ ላይ፣ ወደቡ። የተሳፋሪ ሰልፍ። ሁለቱም ሻንጣ ይዘዋል።]

ኖልቤርቶ፦ ባዶ! የዋዜማ ሻንጣ ባዶዋን ነው የምትጎተተው! ስንቴ ልንገርህ?

ሴጉንዶ፦ የእኔ ግን ሙሉ ነበረች፣ አበልጄ።

ኖልቤርቶ፦ ለዚህ ነዋ ከቤትህና ከዳቦ ቤቱ ሌላ የትም ሳትሄድ የኖርከው! ዕድል ባዶ ሻንጣ ስታይ «ምስኪን፣ እስቲ ልሙላለት» ትላለች። ሙሉ ካየች «ይሄስ ሞልቶለታል» ብላ ወደ ጎረቤት ታልፋለች።

ሴጉንዶ፦ ቶምቦላው ግን የወጣው ለእኔ ነው።

ኖልቤርቶ፦ አጠገብህ ማን ተቀምጦ ነበር?

ሴጉንዶ፦ አንተ።

ኖልቤርቶ፦ በቃ! ወደ እኔ ስትመጣ አንተ ላይ ተደናቀፈች።

[ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ሴጉንዶ እያቃሰተ ሻንጣውን በጉልበቱ ይገፋል። ኖልቤርቶ የራሱን በትንሽ ጣቱ አንጠልጥሏል።]

ሴጉንዶ፦ አበልጄ፣ ሻንጣህ አልቀለለችም?

ኖልቤርቶ፦ ማጠፍ የሚያውቅ ሰው ሻንጣ ይቀላል። ሻንጣ ውስጥ የሚከብደው ልብሱ አይደለም፣ አየሩ ነው። እኔ አየሩን አስወጥቼ ነው ያጠፍኩት።

ሴጉንዶ፦ አሃ። የእኔዋ አየር ሞልቶባት ነዋ።

ኖልቤርቶ፦ ቀስ ብለህ ትማራለህ። ስንገባ ደግሞ ክፍል ከፊት በኩል ስጡን በል። ከፊት አይወዛወዝም።

ሴጉንዶ፦ ለምን?

ኖልቤርቶ፦ ቀድሞ ስለሚሄድ ነዋ! ማዕበሉ ሳይነቃ ያልፋል።

ሴጉንዶ፦ ከኋላ ያሉትስ?

ኖልቤርቶ፦ እነሱን የነቃው ያገኛቸዋል።

[የወደቡ ውሻ መጥቶ የኖልቤርቶን ሻንጣ ያሸታል፣ ይተወዋል። ሄዶ የሴጉንዶን ሻንጣ ተደግፎ ይተኛል።]

ሴጉንዶ፦ ሊፍቱን ለማን አደራ ሰጠህ?

ኖልቤርቶ፦ ለማንም! ቆልፌ ቁልፉን ይዤ መጣሁ። [ኪሱን መታ መታ ያደርጋል] ይኸው።

ሴጉንዶ፦ እንዴ! ሰዉ በምን ሊወጣ?

ኖልቤርቶ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ አለለት አይደል? እስክመለስ በእግሩ ሲወጣ የኖልቤርቶ ዋጋ ይገባዋል። ደግሞስ በዚያ ሰፈር ማን ይታመናል? ኡበርሊንዳን የመሰለች ጎረቤት ይዤ?

ሴጉንዶ፦ ኡበርሊንዳ ምን አደረገች?

ኖልቤርቶ፦ ምን አደረገች ይለኛል እኮ! ሹራቤን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ማን ወሰደው? በዓመቱ ቆቤን? ከዚያ ሱሪዬን? አምና ጥቁር ኮቴን? ገመዱ ከእሷ ጋር የጋራ ነው፤ ሌላ ማን ይመጣል? አራት ዓመት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ ነፍጌያታለሁ። ቤተክርስቲያን በር ላይ «አንቺ ሌባ!» ብያታለሁ፣ ሰው እየሰማ!

ሴጉንዶ፦ ስለ እሱ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር፣ አበልጄ...

ኖልቤርቶ፦ ዝም በል! ሌባዋን አውቃታለሁ።

[ከባሕሩ ነፋስ ይነሳል። የኖልቤርቶ ሻንጣ ከጣቱ አምልጣ መሬት ለመሬት ትንሸራተታለች። ሴጉንዶ በእግሩ ያስቆማታል።]

ሴጉንዶ፦ ሻንጣህ ልትሄድ ነበር።

ኖልቤርቶ፦ መንገድ ናፍቋት ነው።

ሴጉንዶ፦ የክርስትና ቀሚሷን ግን... ያስና የተጠመቀችባትን...

ኖልቤርቶ፦ አጥበህ ገመዴ ላይ አስጣት ካልኩህ በኋላ እንደምትረሳት አውቄ፣ ትናንት ከገመዱ ላይ በገዛ እጄ አወረድኳት። ታጥፋ ተቀምጣለች።

ሴጉንዶ፦ ስለ ቀሚሷ እኮ ልነግርህ የነበረው...

ኖልቤርቶ፦ ኧረ ተወኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። አንተም አንድ ነገር ከያዝክ አትለቅም! [ድምፁ ይለዝባል] ሴጉንዶ፣ እኔ ልጅ የለኝም። ያለችኝ ያስና ናት። «ልጄንም አንተ ካላነሳህልኝ ማንም አያነሳውም» ብላ የጻፈችልኝን ቀን አትርሳ።

ሴጉንዶ፦ እንዴት እረሳለሁ? ሊፍቱ ውስጥ ነበርኩ። ደብዳቤዋን እያነበብክ በሩን ሳትከፍትልን ሦስቴ አውጥተህ ሦስቴ አወረድከን።

ኖልቤርቶ፦ ዓይኔ ዕንባ ሞልቶ ማየት አቅቶኝ ነው።

ሴጉንዶ፦ እኛም ስንጮህ የነበረው ለዚያ ነው።

[ተራቸው ይደርሳል። ተቆጣጣሪው ሻንጣ እንዲከፍቱ በእጁ ያመለክታል።]

ኖልቤርቶ፦ ና ወደዚህ ሴጉንዶ። ልብስ ማጠፍ ምን እንደሆነ ተመልከትና ተማር።

[ይከፍታል። ይዘጋል። እንደገና ይከፍታል።]

ሴጉንዶ፦ አየሩን በደንብ አላስወጣኸውም፣ አበልጄ።

ኖልቤርቶ፦ ልብሴስ? ልብሴ የት ገባ?

ሴጉንዶ፦ ቆይ፣ ጥጓ ላይ አንድ ነገር አለ። ምስር ናት። የአዲስ ዓመት ምስር፣ ለዕድል ተብላ የተረፈች።

ኖልቤርቶ፦ [ራሱን ይይዛል] የዋዜማዋን ሻንጣ ይዤ መጣሁ! ሁለቱም ቡኒ፣ ሁለቱም ከአንድ አልጋ ሥር! የሞላችዋ እቤት ቀረች!

[ተቆጣጣሪው ፊቱን ሳይቀይር ወረቀቱ ላይ «ምስር፣ አንድ» ብሎ ይጽፋል።]

ኖልቤርቶ፦ ስንት ደቂቃ አለን?

ሴጉንዶ፦ ግማሽ ሰዓት ብለዋል።

ኖልቤርቶ፦ ይተርፈኛል! በሊፍቱ እኮ አንድ ደቂቃ ነው። ውልብ ብዬ... [ሦስት እርምጃ ይሮጥና ይቆማል]

ሴጉንዶ፦ ቁልፉ አንተ ጋ ነው አይደል?

ኖልቤርቶ፦ እኔ ጋ ነው።

ሴጉንዶ፦ ማሽኑስ?

ኖልቤርቶ፦ ላይ።

ሴጉንዶ፦ ላይ ለመውጣትስ?

ኖልቤርቶ፦ ሊፍት ያስፈልጋል። [ባዶ ሻንጣው ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል] በዚህ ጉልበቴ ያን ሁሉ ደረጃ ስወጣ መርከቡም ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። በቃ፣ ብቻህን ሂድ። የክርስትና አባቱ በስስ ሸሚዝ ብርድ አገር ሄዶ፣ ቀሚስ እንኳ ሳይዝ፣ መሠዊያ ፊት ሲንቀጠቀጥ ከምታየው፣ ያስና ሞቷል ብትባል ይሻላታል።

ሴጉንዶ፦ ተነስ። ሞቷል ከመባልህ በፊት ሹራብህን ልበስ።

[የራሱን ሻንጣ ይከፍታል።]

ኖልቤርቶ፦ የምን ሹራብ? እ... ይሄ... ይሄ እኮ የጠፋው ሹራቤ ነው!

ሴጉንዶ፦ ቆብህ። ሱሪህ። ኮትህን ትንሽ ዱቄት ነክቶታል፣ ይራገፋል።

ኖልቤርቶ፦ አንተ! ሌባው አንተ ነህ?

ሴጉንዶ፦ ያስና ከሄደች ወዲህ በየዋዜማው ስዞር ለሁለት ሰው መንገድ ነው የምለምነው። አንተ ግን ባዶ ሻንጣ እየጎተትክ ከፊቴ ትሄዳለህ። «እግዜር ሰምቶ መንገዱን ቢሰጠን ይሄ ሰውዬ በብርድ ይሞትብኛል» አልኩ። ስለዚህ በየዓመቱ አንዳንድ ልብስህን ጨመርኩበት።

ኖልቤርቶ፦ እና እንዴት አትነግረኝም!

ሴጉንዶ፦ ልነግርህ ስል «ዝም በል፣ ሌባዋን አውቃታለሁ» ትለኛለህ። አንተ ካወቅካት እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት።

[ኖልቤርቶ ቆቡን ደፍቶ ኮቱን ያቅፋል። ደስታው ፊቱ ላይ መጥቶ ሳይጨርስ ይጠፋል።]

ኖልቤርቶ፦ ቀሚሷስ? ቀሚሷ እቤት ቀረች እኮ!

ሴጉንዶ፦ [ከሻንጣው ሥር በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነጭ ቀሚስ ያወጣል] ይቻት። አንተ የገዛሃት፣ እናቷ የጠለፈቻት። ያስና ካገባች ጀምሮ ከዚህች ሻንጣ ወጥታ አታውቅም።

ኖልቤርቶ፦ [ቀሚሷን ያያል፣ ሴጉንዶን ያያል] ታዲያ ትናንት ከገመዱ ላይ ያወረድኳት ምንድን ናት?

ሴጉንዶ፦ ምን ትመስላለች?

ኖልቤርቶ፦ ነጭ ናት። ዳንቴል አላት። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ትንሽ ሰፋ ትላለች።

ሴጉንዶ፦ ምን ያህል ሰፋ?

ኖልቤርቶ፦ የባሕር አየር ለጥጧት መስሎኝ... ደግሞ ልጁ ሲያድግም ይለብሳታል ብዬ...

ሴጉንዶ፦ አበልጄ፣ ኡበርሊንዳ ዛሬ ማለዳ «የሌሊት ቀሚሴን ከገመድ ላይ የወሰደብኝ ሌባ ማን ነው?» እያለች ሰፈሩን ስታናውጠው ነበር።

[ከወደቡ አጥር ባሻገር የሴት ጩኸት ይሰማል።]

ኖልቤርቶ፦ ማናት ደግሞ?

ሴጉንዶ፦ ራሷ ናት። ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ መጥታለች። [ያዳምጣል] ቁልፉን ስጡኝ ነው የምትለው። አሮጊቶቹ ዘንቢላቸውን ይዘው ታች ቀርተዋል።

ኖልቤርቶ፦ የእኔን ቁልፍ? ለእሷ?

ሴጉንዶ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያልከኝ አንተ ነህ። በል ልቀቅ።

[ኖልቤርቶ እግሩን እየጎተተ ወደ አጥሩ ይሄዳል። ቆቡን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ያወራል። መጀመሪያ ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ትሰማዋለች። ከዚያ አጥሩን ይዛ እስኪያማት ትስቃለች። ቁልፉን ያቀብላትና ጆሮው ቀልቶ ይመለሳል።]

ሴጉንዶ፦ ምን አለችህ?

ኖልቤርቶ፦ ሕፃኑን ሳምልኝ አለች።

ሴጉንዶ፦ ሌላስ?

ኖልቤርቶ፦ ስለ ሌሊት ቀሚሷ ስመለስ ቤተክርስቲያን በር ላይ እንነጋገራለን አለች። ሰው እየሰማ።

[ሙሉዋን ሻንጣ በሁለት ወገን ይዘው የመርከቡን መሰላል ይወጣሉ። ባዶዋ ኖልቤርቶ ብብት ሥር ናት። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ኖልቤርቶ ይቆማል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ምክር ሊጠይቅ ነው።]

ኖልቤርቶ፦ ሴጉንዶ... ለሚመጣው አዲስ ዓመት ሻንጣዬን ምን ላድርጋት? ባዶ ትሁን ሙሉ?

ሴጉንዶ፦ የአንተዋ ባዶ ትሁን፣ አበልጄ። ከገመድ ላይ ለምታወርደው ቦታ ያስፈልግሃል።