ሽምግልና የገባች አይጥ

ትንሽ የተማረ ሰው ዝም ሲል የተማረውን የነጠቁት ይመስለዋል። ሌላ ሰው አላማም፤ ስለ ራሴ ነው። መካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪ ሳጣ ስለ ክሮሞዞም ለፀጉር አስተካካዬ አስረዳለሁ፤ እሱ አንገቴ ላይ ምላጭ ይዞ እንኳ አላቆምም።

የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ መላኩ፣ የወረኢሉ ልጅ ነው፣ እቴነሽ የምትባል የከተማችንን ልጅ ወዶ ሽማግሌ ላከ። ዋናው ሽማግሌ ጎረቤታችን ጋሽ ሙሄ ነበሩ፤ ሶላታቸውን ሰግደው የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ትዳር ሲያስማሙ የኖሩ ሰው። እኔ የተጨመርኩት ለማሳመሪያ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ወላሂ አንተ ዝም ካልክልኝ ልጅቷ የኛ ናት አሉ። ዝም ማለት ይህን ያህል ከባድ ነው እንዴ?

የልጅቷ አባት አቶ ደምሴ በወጉ ተቀበሉን። ጉዳያችንን ቆመን ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን፤ ለጋሽ ሙሄ ብርዝ፣ ለእኔ ጠላ በሸክላ ዋንጫ ቀረበ። ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና የለም። አለቀ! ቀጠሮ ተቀብሎ መውጣት ብቻ ነበር የቀረው። አቶ ደምሴ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ እናንተ የተማራችሁትስ ስለ ዘር ምን ትላላችሁ ብለው አይጠይቁኝ መሰላችሁ!

ጋሽ ሙሄ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ማን ሰምቷቸው! ጋሼ፣ አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ዘር ክሮሞዞም በሚባል ነገር ላይ ተጭኖ ነው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄደው። ሳይንቲስቶች ደግሞ ዛሬ ክሮሞዞሙን ራሳቸው ሠርተው፣ የሰው ዘር ጭነውበት፣ አይጥ ውስጥ ይከቱታል። ከአይጧ ከራሷ ዘር ሳይቀላቀል እንደ መኪና ተሳቢ አብሯት ይጓዛል፤ ስትወልድም ለልጆቿ ታወርሰዋለች። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ዘር በዘመናችን ብርቅ አይደለም ብዬ አሳረግሁ።

በእጅ! ምላሴን ምን ነካው? በእኛ አገር «ባለ እጅ» ማለት ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? ብረት ከሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ ከምትሠራው ሰው ዕቃ እንገዛለን፤ ለጋብቻ ሲሆን ግን ፊታችንን እናዞራለን። አቶ ደምሴ ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ ልጁ ባለ እጅ ዘመድ አለው ማለትህ ነው ወይ አሉ።

አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። ኧረ በፍጹም፣ መላኩ ዘሩ ንጹሕ ነው አልኩ። ንጹሕ! በዚህም አላበቃሁም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በእኔም ዘር የለም፣ እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩ። የእናቴ እናት እኮ ኩታበር ገበያ ሸክላ ሠርታ እየሸጠች ነው እናቴን ያሳደገቻት። የሰው ልጅ አንድ ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ሰውዬ፣ አንድ ዋንጫ ጠላ ሳልጨርስ አያቴን ካድኳት። ያውም በልጇ ምዬ!

አቶ ደምሴ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን አላማረኝም። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው የሚሸሽገው አያጣም፤ የያዝከውን ዋንጫ የሠራችው እናቴ ናት አሉኝ። ልጄን የጠየቀ ሁሉ ይህን ሲሰማ ይጠፋል፤ አንተ በእጅ የተሠራ ዘር ስትል፣ እሰይ፣ የኛው ሰው መጣ ብዬ ነበር አሉ። ጋሽ ሙሄ መሬት መሬት ያያሉ። ለካ ያውቁ ኖሯል፤ ዝም በል ያሉኝም ለዚሁ ነበር።

የእኔም አያት ሸክላ ሠሪ ነበረች ማለት ያኔ ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያልኩት ግን እዚያ ላይ ነው።

እንደ ምንም የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጠን። ስንወጣ አቶ ደምሴ ጋሽ ሙሄን በር ላይ ያዝ አደረጓቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም፦

«ስትመለሱ መምህሩን ተዉትና አይጧን ይዛችሁ ኑ፤ እሷ የባዕድ ዘር ተሸክማ እንኳ አልካደችም።»