የድልድዩ ዋስ

«ዋስ ሁነኝ» ሲባል እንቢ ማለት የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የኮልፌው ጋሽ ደጀኔ እንዲያ ናቸው። አገራችንን የያዘው የጣሊያን መንግሥት የወንዛችንን ድልድይ ሥራ ለአንድ ኩባንያ ሰጠ። ውሉ ሲነበብ ሽማግሌዎቻችን እንደ ደንቡ፣ «የኩባንያው ዋስ ማነው?» አሉ።

«መንግሥት!» አለ ውሉን የሚያነበው ሹም።

«የመንግሥትስ?»

«ኩባንያው!»

ሽማግሌዎቹ «ሌላ ዋስ ይጠራ!» አሉ። ጥሪው ያስጨነቃቸው ጋሽ ደጀኔ፣ «ኧረ እኔ አለሁ!» ብለው ፈረሙ።

ኩባንያው ሥራውን ጥሎ ጠፋ፤ ዋሱ ድልድዩን ይጨርስ ተባለ። ልጠይቃቸው ብሄድ በዘበኛ እየተጠበቁ ብቻቸውን ድንጋይ ይፈልጣሉ።

«ወንድሜ፣ ባለቤቴ ታማብኛለች። ዋስ ከጠራሁ ዘበኛው እስከ ማታ ይለቀኛል» አሉኝ።

ምን ልበል? እሺ አልኩ። ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ይኸው ሦስተኛ ክረምቴ ነው፣ ድንጋይ እፈልጣለሁ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዋስ ሁነኝ እንዳልለው ፈርቶ፣ እኔ ያለሁበትን መሻገሪያ ትቶ ወንዙን በዋና ይሻገራል።