የሰው ኃጢአት የሚናዘዝ ሰው

የሰው ኃጢአት የሚናዘዝ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ክልላችን ገና አዲስ ሳለ አሶሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከአንዱ ጋር ሠርቻለሁ። በግምገማ ቀድሞ ሌላውን ያጋለጠ እንደሚተርፍ ስላየ፣ ለፍርድ ቀንም የሚዘጋጀው እንደዚያው ነው። ሁዳዴን አንድ ቀን አያፈርስም፤ ስግደቱማ ግንባሩን አጥቁሮታል።

አንድ ቀን ንስሐ ገብቶ ሲመለስ «ምን ተናዘዝክ?» አልኩት።

«ጥበቃው ሥራ ላይ ይተኛ እንደነበር ለአባ ነገርኳቸው» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

ኧረ ጉድ! ፈጣሪን የግምገማ ሰብሳቢ አደረገው እኮ! ያ ጥበቃ ሙሳ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ከወር በፊት ወባ ጥሏቸው በሩ ላይ ጋደም ቢሉ፣ ይኸው ጿሚ በግምገማ ተነስቶ ከሰሳቸው። አማርኛው አልመጣላቸውም፤ «ወላሂ፣ እኔ ወባ ያዘ» ብቻ አሉ። በማግስቱ ተባረሩ።

«የአባባ ሙሳ መባረርስ?» አልኩት።

«እሱማ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነው፤ የእኔ ኃጢአት አይደለም።»

ደሜ ፈላ። «የምን ሙሉ ድምፅ!» ልለው አፌን ስከፍት፣ በዚያ ግምገማ እኔም እጄን ማውጣቴ ትዝ አለኝ።

እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ግን የእሱን ኃጢአት ብቻ ነው።