ሞዐ ዝናም፦ ወንደሰን ደርቀው እንጦጦ የወጡበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ አቶ ወንደሰን የእናታቸውን ጣሪያ «በዚህ ሳምንት እደፍነዋለሁ» ብለው ባወጁ በሦስተኛው ክረምት፣ ቀይዋን ሞተር ገዝተው ወደ ሲግናል ሰፈር በድል በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንዲት እሑድ ብቻ ስትቀር የሆነውን ነገር እንጽፋለን፤ ከእኛ በኋላ የሚነሣው ትውልድ ሞተርና ዝናብ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያውቅ ዘንድ፣ አውቆም ታክሲ ይሳፈር ዘንድ።

እኒህ ወንደሰን በሲግናል አምፖልና ሶኬት የሚሸጡ፣ መስተጽዕነ ሞተር ማለትም ሞተር ጋላቢ፣ ኩሬ ሰንጣቂ፣ ከታክሲ ወረፋ ነጻ የወጡ፣ የምክር ጠላት፣ የእናታቸው የወይዘሮ ዘቢደር የልብ ምት መንሥኤ ነበሩ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። የእኅታቸው ልጅ ዮፍታሔ የመሪጌታ ፀሐዬን ልጅ መቅደላዊትን ወደደ፤ እርሷም ወደደችው፤ መሪጌታም በእንጦጦ ከኪዳነ ምሕረት ግርጌ የሚኖሩ፣ በዜማቸው የተከበሩ፣ በቁጣቸው ግን ከዜማቸው ይልቅ የታወቁ ሰው ነበሩና ሦስት ሽማግሌዎች ተላኩባቸው። እነርሱም የእድሩ ዳኛ አቶ ገበየሁ፣ ጡረተኛው አቶ ቀነኒሳ፣ ሦስተኛውም አጎትየው ወንደሰን ነበሩ። በዚያች በመጀመሪያዪቱ ዘመቻ ሁለቱ በታክሲ ሲሄዱ ወንደሰን በሞተር ሄዱ፤ ዝናቡም መንገድ ላይ አገኛቸው፤ ከነውሃቸውም ገቡ፤ የእግዚአብሔር ሰላምታ ሳያልቅ በአዲሱ ክሬም ሶፋ ላይ ተቀመጡ፤ በተነሡም ጊዜ የመቀመጫቸው ምስል፣ ግራና ቀኙ ሳይዛነፍ፣ ከነጭቃው ታትሞ ቀረ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ሸዋረጋም ያን ምስል አይተው እንደ ሬሳ በነጠላ ሸፈኑት።

በዚያን ጊዜ መሪጌታ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሽማግሌ ላኩብኝ አልኩ እንጂ የታጠበ ልብስ አስጡብኝ አላልኩም። የዛሬውን እንዳልመጣችሁ እቆጥረዋለሁ። ከፍልሰታ በፊት ባለችው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስታችሁም ደርቃችሁ ኑ። አንዳችሁ እንኳ ብትጎድሉ ወይም ብትረጥቡ በዚሁ ይብቃን፤ ከሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ልጄን የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፣ እነሱ መኪና አላቸው።»

ዮፍታሔ ይህን በሰማ ጊዜ እህል አልቀምስ አለ፤ ወይዘሮ ዘቢደርም ልጁን ያሳደጉት እርሳቸው ናቸውና ከእርሱ ጋር አልበሉም። እሑድም በደረሰች ጊዜ፣ ከየካ ተራራ ላይ ጥቁር ደመና እንደ ጭፍራ ተሰልፎ ሲወርድ፣ አቶ ገበየሁና አቶ ቀነኒሳ ታክሲ ኮንትራት ይዘው በደጅ ቆሙ። በታክሲውም ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር ነበረ። ይህን ዜና የሚያነብ ሁሉ ያን ወንበር እንዳይረሳው።

ወንደሰን ግን ከደጃፋቸው ላይ ቆመው አወጁ፦ «ሞተሬን ትቼ በታክሲ ብሄድ ዝናቡ አሸነፈኝ ማለት ነው። በሞተሬ እወጣለሁ፣ ደርቄም እገባለሁ። እናንተ ቅደሙ፣ ሻይ ሲቀርብ እደርሳለሁ።»

እናታቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ የካ ሚካኤል ለጉባኤ ሲወጡ በበኩላቸው አወጁ፦ «እንግዲህ ስማኝ። ጎማው ይንሸራተታል። ባይንሸራተት ሲኖትራክ ይመጣል። እሱ ቢስትህ መብረቅ አለ፣ መብረቅ ደግሞ ብረት ይወዳል። ከዚህ ሁሉ ብትተርፍ ብርዱ ሳንባህ ላይ ወርዶ ይተኛል። እኔ ነግሬሃለሁ፤ የልጁን ትዳር አፍርሰህ እንዳትመጣ፣ ሞተህም እንዳትመጣ።» ይህንም ብለው ሄዱ፤ ሞቱን የፈሩት ከልባቸው ነበረ፤ የትዳሩን ግን አስቀድመው ጠቅሰዋል።

ከዚህም በኋላ ወንደሰን የጦር ዕቃቸውን ለበሱ። ባለ ሱቁ ጠሀ ለእግራቸው ጥቁር ፌስታል አመጣ፣ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ ድርብ ድርብ አድርጎ፤ ጎሚስታው ሊሊሳ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ማሰሪያ አመጣ፣ ቁርጭምጭሚታቸውንም እንደ ቁራሌ ዕቃ ጠፍሮ አሰረ፤ ፀጉር ሠሪዋ ናዲያ ለደንበኞቿ ከምታለብሰው የላስቲክ ቆብ አንዱን ሰጠች፣ እርሱም ከሄልሜቱ ሥር ገባ። መኪና አጣቢዎችም ሥራቸውን ትተው መጡ፤ ምንም አላመጡም፤ ለማየት ብቻ መጡ።

የደረታቸው መከላከያ ጥሩር ግን ገና ነበረ። በእናታቸው አልጋ ላይ ያለው ፍራሽ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈም ነበር፤ ጣሪያው በአልጋው ትክክል ያፈስሳልና ወይዘሮ ዘቢደር በላስቲኩ ላይ አንሶላ አንጥፈው ሲንሿሹ ያድሩ ነበር። ወንደሰንም ያን ላስቲክ አዩ፤ ወፍራምነቱን በጣታቸው ፈተኑ፤ «ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ መልሼ አለብሰዋለሁ» ብለው በልባቸው መከሩ፤ ገፈፉትም፤ ለራስና ለክንድ ቀዳዳ አበጁለት፤ በኮትና በሱሪያቸው ላይ ለበሱት፤ ሊሊሳም በፕላስተር አሸገላቸው። በደረታቸውም ላይ ከፋብሪካው የታተመው ጽሕፈት «ምቹ እንቅልፍ» ይል ነበር፣ በጀርባቸውም «ደብል»።

በሞተሩ የኋላ ጭቃ መከላከያ ላይ ደግሞ ወንደሰን ራሳቸው የደረሱት፣ በነጭ ስቲከር ያስጻፉት ቃል ነበረ፤ እርሱም «ሞዐ ዝናም» ይላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ «ሞዐ አንበሳ» ሲባል ሰምተው ነበርና፣ አንበሳውን አውጥተው ዝናቡን አገቡበት፤ ትርጉሙም በእርሳቸው ዘንድ «ዝናብን አሸነፈ» ማለት ነበረ።

ተነሡም፤ ቀበናን ተሻገሩ፤ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ሽቅብ ዞሩ፤ ዝናቡም በዚያ ተቀበላቸው። በረዶ የቀላቀለ ሆኖ ወረደ፤ ጎርፉም አስፋልቱን ሸፍኖ ጉድጓዱንና መንገዱን አንድ አደረገ፤ ሚኒባሶች በግራና በቀኝ ቡናማ ውሃ ረጩባቸው፤ ወንደሰንም በሄልሜታቸው ውስጥ ሳቁ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ አልገባችምና። ከባሕር ዛፉ ሥር የተጠለሉ እንጨት ተሸካሚ ሴቶችም ባዩአቸው ጊዜ አንዲቱ ለጓደኞቿ «እናንተ፣ ፍራሽ ሞተር ሲነዳ እዩ» ስትል አወጀች፤ ሁለተኛዪቱም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጋሼ፣ አልጋውን የት ጣሉት?» አለች። ወንደሰን ግን ይህን እንደ እልልታ ቆጠሩት፤ እጃቸውንም አንሥተው ባረኳቸው።

ነገር ግን ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ሌላ ጠላት ተነሣባቸው። ላስቲክ ዝናብ እንደማያስገባ ያውቁ ነበር፤ ላብ እንደማያስወጣ ግን የነገራቸው አልነበረም። ሞተሩ ከበታች ያሞቃቸው ጀመር፤ ስጋትም ከውስጥ አገዘው፤ በብብታቸው የጀመረው ምንጭ ወደ ወገባቸው ወረደ፣ ከወገባቸው ወደ ሱሪያቸው፣ ከሱሪያቸውም ወደ ፌስታሉ ወርዶ በዚያ ሐይቅ ሆነ። ማርሽ በለወጡ ቁጥር የግራ ሐይቃቸው ይሰማቸው ነበር። ያን ጊዜ ክሬሙ ሶፋ በዓይናቸው ላይ መጣ፤ ዮፍታሔም መጣ፣ ምግቡን ገፍቶ ግድግዳ ሲያይ፤ ወንደሰንም ከተወለዱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ባዶ ወንበር አሰቡ።

ደረሱም። በበረንዳውም ላይ ጥሩሩን አወለቁ፤ ፌስታሎቹንም በጽጌረዳው ሥር አፈሰሱ፤ ጫማቸውንም በመሐረብ ወልውለው አደረቁ። ኮታቸውን ከፊት ቢመለከቱት ደረቅ ነበረ፤ ከኋላ ግን፣ በተለይም ሰው በሚቀመጥበት ስፍራ፣ ሱሪያቸው ያልተጨመቀ የወለል ጨርቅ ይመስል ነበር። ስለዚህ ጀርባቸውን ከግድግዳው ሳይለዩ በጎን በጎን እየተራመዱ ገቡ።

በቤቱም ውስጥ አቶ ገበየሁና አቶ ቀነኒሳ በሶፋው ላይ ተንደላቀው ሻይ ይጠጡ ነበር። የመሪጌታ ፊት ግን ጠቁሮ ነበር፤ ጥንት ለልጅ ልመና የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም ነበርና፣ እኒህ ግን ወንበሩን ከሰላምታው አስቀድመዋልና። ወይዘሮ ሸዋረጋም ወንደሰንን ከፊት በኩል ከጫማ እስከ አንገት መረመሩ፤ አንዳች እርጥበት አላገኙም፤ በእጃቸውም ወደ ሶፋው አመለከቱ።

ወንደሰን ወደ ሶፋው ቢሄዱ ጥፋት ነው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቢወጡ ጥፋት ነው። በጭንቅም አወጁ፦ «እኔ አልቀመጥም። የመጣሁበት ጉዳይ ካልተፈጸመ በቀር በዚህ ቤት አልቀመጥም።»

ከራሳቸውም ላይ እንፋሎት ይወጣ ነበር። መሪጌታም ይህን ባዩ ጊዜ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «ይኸው። የአባቶቻችንን ወግ የሚያውቅ አንድ ሰው ተገኘ። ባለፈው የተቀመጠው ስላልተማረ ነበር፣ ዛሬ ተምሮ መጣ። እናንተ ግን ሻይ ትጠጣላችሁ።» ሁለቱ ሽማግሌዎችም ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ተፈናጠሩ፤ በግድግዳውም ሥር ከወንደሰን ጋር ተሰለፉ። ልመናው ያን ጊዜ በአግባቡ ተነገረ፤ መሪጌታም ወደ ጓዳ ገብተው ልጃቸውን በቀስታ ጠየቁ፤ ተመልሰውም «ልጄን ለዮፍታሔ ሰጥቻለሁ፤ ለሲ.ኤም.ሲ ሰዎች እኔ እመልሳለሁ» ብለው አወጁ። ወይዘሮ ሸዋረጋም እልል አሉ።

እንግዲህ ተቀመጡ በተባሉ ጊዜ ወንደሰን «ዝናቡ ጋብ ሲል ለልጁ ላብሥር» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ባለቤቶቹ አድርገው፣ እጅ እየነሱ፣ የኋሊት እየሄዱ ወጡ፤ በበረንዳውም ላይ ጥሩሩን መልሰው ለበሱ። መሪጌታም በንጉሥ ፊት የቆመ ሰው እንዲህ ይወጣ እንደነበረ ለሚስታቸው አስረዱ።

ሊሸኟቸውም እስከ በሩ ወጥተው በሞተሩ ላይ የተጻፈውን አነበቡ፤ ደግመውም አነበቡ፤ ከዚያም ጎረቤት እስኪሰማ ሳቁ፤ እንዲህም አሉ፦ «አቶ ወንደሰን፣ እዚህ የጻፉት ዝናቡ አሸነፈ ነው የሚለው። አንበሳውም አሸናፊ ነው እንጂ ተሸናፊ አይደለም። እርስዎ ዝናቡን ካሸነፉት ‹ሞዐ ዝናመ› ያሰኙት። በአንዲት ፊደል ነው የተበለጡት።» ወንደሰንም «ሰኞ አስተካክለዋለሁ» ብለው ማሉ፣ እንደ ጣሪያውም ያለ መሐላ ማሉ።

ድሉንም ተሸክመው ወደ ሲግናል ወረዱ። በቤታቸው ግን ወይዘሮ ዘቢደር ከነነጠላቸው በዱካ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ ዓይናቸውም አልጋው ላይ ነበረ። ጣሪያው እንደ ልማዱ አፍስሶ ነበር፤ ራቁቱን የቀረው ፍራሽም ያን ሁሉ ጠጥቶ፣ ጠግቦ፣ ለወለሉ ያካፍል ነበር።

እናትየውም የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «እኔ ያልፈራሁት ነገር አልነበረም። ሲኖትራኩን ፈርቻለሁ፣ መብረቁን ፈርቻለሁ፣ ሳንባህን ፈርቻለሁ። ፍራሼን ግን አልፈራሁለትም። ልጁን ሰጡት? ተመስገን። እንግዲያው ዛሬ እኔ ባንተ አልጋ ላይ እተኛለሁ፣ አንተ እዚህ።»

ክብር ለወንደሰን ይሁን፣ ከሰማይ የወረደውን በላስቲክ ለመከቱ፣ ከገዛ ገላቸው የመነጨውን በግድግዳ ለሰወሩ፣ ባለመቀመጥ ሙሽራ ላስገኙ፣ ከሲግናል እስከ እንጦጦ ያለውን ዶፍ ንቀው በእናታቸው ፍራሽ ላይ በጀርባቸው ለረጠቡ። ዮፍታሔ በጥር አገባ፤ ጣሪያው ግን አራተኛውን ክረምት ይጠብቃል፤ በቀይዋም ሞተር ላይ ያቺ ፊደል እስከ ዛሬ አልተለወጠችም፣ ግዕዙ ስሕተት እንደሌለበት ባለቤቱ በዚያች ሌሊት ተረድተዋልና።