ቤት ልሸጥ ወጥቼ ሞቼ ተመለስኩ

ቤት የሚሸጥ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ የቸኮለ አለመምሰልና ለጎረቤት አለማሰማት። ሁለቱን ያሟላ ሰው ጉለሌ ውስጥ አለ ብትሉኝ አላምንም። በኛ ሰፈር እንኳን ቤት ሊሸጥ፣ ድስት ሲጣድ ወጡ ከነጨው ልኩ ይታወቃል።

እኔ ደግሞ መቸኮል ነበረብኝ። ትርፍ ቤት ሲወረስ የኔዋ አንዲት ብቻ በመሆኗ ድህነቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አመስግኜው ነበር። ምን ዋጋ አለው! አብዮቱ የማረልኝን ቤት በገዛ እጄ ለባንክ አስይዤ ወፍጮ ተከልኩ። ወፍጮው ከእህል ይልቅ እኔን ፈጨኝና ባንኩ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጠው ሆነ። ሐራጅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቤትህን በርካሽ ሰጥተህ ስምህን መርቀህ መጨመር ነው። ቀድሜ ራሴ ከሸጥኩት ግን ዕዳዬን ከፍዬ ትንሽ ይተርፈኛል።

አቶ ተሰማ የሚባሉ ነጋዴ እሁድ ጠዋት መጥተው ቤቱን ሊያዩ ተስማማን። ባለቤቴ አልማዝ ቤቱ ሰፊ እንዲመስል ብላ አልጋውንም ቁምሳጥኑንም ግቢ አስወጣችው። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ገዢዬን ልቀበል ወደ አዲሱ ገበያ ሄድኩ። እሷ ባዶውን ቤት ስታይ ሆዷ ባባና አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ጀመር።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ይህንን በአጥር አዩ። አልጋ ውጭ ወጥቶ፣ ሴት እያለቀሰች! አልጋ የሚወጣው ለለቀስተኛ ቦታ ለመልቀቅ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? በኛ ሰፈር ደግሞ ደንቡ ቅድሚያ ማልቀስ ነው፤ ማን እንደሞተ ቀስ ብሎ ይጠየቃል። እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። አልማዝ የቤቱን ሽያጭ ለማንም ስላልተናገረች፣ ከቤት የወጣሁትም እኔ ስለነበርኩ፣ እሳቸው የኔን መሞት ሰምተው የመጡ መሰላት። ወይኔ ባሌን ብላ ጮኸች። እትዬ አስካለም ሟቹ ማን እንደሆነ በዚሁ ተረዱ። አንዷ ከሌላዋ ሰማች፤ እኔም በሁለት ምስክር ሞትኩ።

ወዲያው የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ።

አቶ ተሰማን ይዤ ስደርስ ድንኳኑን አየሁ። ታመው የሰነበቱት አማቴ፣ የአልማዝ እናት፣ ያረፉ መስሎኝ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እናቴን እናቴን እያልኩ ገባሁ። አቶ ተሰማም ጨዋ ሰው ናቸውና ቤት ሊያዩ መምጣታቸውን ትተው እያለቀሱ ተከተሉኝ። እትዬ አስካለ በሙሾ ሟቹን እያወደሱ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ይዞ የሚያድረው፣ የጓሮው ግድግዳ ሲያዘነብል በግንድ የሚደግፈው፣ አሁን ማን ይደግፈዋል እያሉ። ያንን ጉድ ለመደበቅ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ኖራ ስቀባ ነው የከረምኩት! ባለ ባልዲው እኔ መሆኔ የገባኝ አቶ ተሰማ በድንኳኑ አፍ ቀና ብለው የቤቱን ጣሪያ ሲያዩ ነው።

ኧረ አለሁ ብዬ ጮህኩ። አልማዝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ወዲያው ደግሞ በጥፊ አጮለችኝ። እትዬ አስካለ አማተቡ። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ ያልሳቁት የእድሩ ዳኛ ብቻ ነበሩ።

እኔ በልቤ ቤቴን ለሐራጅ አስረከብኩ። አቶ ተሰማ ግን ዕንባቸውን ጠርገው፣ በሚኖሩበት ሰፈር ታመው ሲተኙ በራቸውን ያንኳኳ ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። ጣሪያ ይጠገናል፤ እንዲህ የሚያለቅስ ጎረቤት ግን ከየት ይገዛል አሉና እዚያው ተስማማን። የጣሪያውንና የግድግዳውን ማስጠገኛ መቀነሱን ግን አልረሱም፤ ሙሾውን በደንብ አዳምጠዋል።

ሐራጁ ቀረልኝ። ዕዳዬን ከፍዬ ቁስቋም አካባቢ አንዲት የቀበሌ ቤት ተከራየሁ። እድሬን ግን አልለቅም ብዬ ወደ ስብሰባው ስሄድ ዳኛው ቆጣ አሉ። ጡሩንባህ ተነፍቷል፣ ድንኳንህ ተተክሏል፣ ንፍሮህም ተበልቷል፤ ለአንድ አባል ሁለት ለቅሶ በደንባችን የለም አሉኝ። የተስማማችሁ ሲባል ቀድመው እጃቸውን ያወጡት አዲሱ አባል አቶ ተሰማ ናቸው። የመሞት ተራዬን እንዲሁ ጨርሻለሁና፣ እንግዲህ ከመኖር ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?